ገመድ ብቻ የሚያውቀው የአባቴ ኮምፒውተር

በቤታችን «አይቲ» እኔ ነኝ። ሹመቱን ማን እንደሰጠኝ አላስታውስም። ኮምፒውተር አልተማርኩም፤ ቦሌ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የማሻግር ሴት ነኝ። የማውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት። እሱም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ባልሠራ ጊዜ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ኔትወርክ ነው» እላለሁ፤ እስካሁን ደፍሮ የተከራከረኝ የለም።

ስለዚህ ከሃያ ሁለት ለቅቀን ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን አባቴ «የኮምፒውተሬን ነገር አደራ» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ። «ከቅዳሜ አያልፍም» አልኩት። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አለመናገሬ በጀኝ፤ ሁለት ወር ፈጀ።

ኮምፒውተሩ አባቴ ጡረታ በወጣ ዓመት የገዛው ትልቅ ጥቁር ሳጥን ነው። ሲበራ የሰፈር ወፍጮ የተነሳ ይመስላል፤ አባቴ ጠረጴዛው ላይ መቀመጡን ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል። ከኋላው የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት አንድ ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ ቀዳዳ ሌላ ኢንተርኔት የሚገባበት በር የለውም። ዋይፋይ የሚባለውን ነገር አያውቀውም፣ ማወቅም አይፈልግም። ዕቃ ስንጭን እናቴ ከፍራሾቹ ጋር ከኋላ እንዲሄድ ፈርዳበት ነበር። አባቴ እምቢ አለና ጋቢና ገብቶ ከሃያ ሁለት እስከ ለሚ ኩራ ድረስ አቅፎት ሄደ። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችም። «በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አጥብቆ አላቀፈኝም» ትላለች።

በድሮው ቤት ችግር አልነበረም። መስመሩ በመስኮት ገብቶ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ያርፍ ነበር። አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ መስመሩ የሚገባው በዋናው በር በኩል ወደ ሳሎን ነው። እዚያ ራውተሩ ይቀበለውና ወደ አየር ይበትነዋል፤ ስልኮቻችንም ቴሌቪዥኑም ከአየር ላይ ይለቅማሉ። የአባቴ ኮምፒውተር ግን ከኋላ ባለችው ትንሽ መኝታ ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ ገመድ ይጠብቃል።

ገመድ እንዘርጋ አልኩ። እናቴ ሳሎኗን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኗ ለካችው። ለዚያ የሴራሚክ ወለል ስንት ዓመት እንደጠበቀች የምናውቅ ሁለታችን አንገታችንን ደፋን። ግድግዳው ላይ ምስማር አይመታም፣ ወለሉ ላይ ገመድ አይጋደምም፤ እንግዳ ተደናቅፎ ቢወድቅ ማን ሊያነሳው ነው? ታዲያ ኮምፒውተሩን ራሱን ሳሎን እናውጣው አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ያ ወፍጮ በሶፋዋና በቡፌዋ መሃል? እናቴ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። በቤታችን ይህ የመጨረሻ ፍርድ ነው፣ ይግባኝ የለውም።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። አባቴ ያንን ኮምፒውተር የሚፈልገው ግን ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር ቼዝ ለመጫወት። ሰውየው እኔ ከልጅነቴ «ጋሼ» የምላቸው የሥራ ባልደረባው ናቸው። ሁለቱም መንገድ ቀያሾች ነበሩ። በረሃ ለበረሃ ድንኳን ተክለው ሲኖሩ፣ ቆርኪ ላይ በእስክሪብቶ «ንጉሥ»፣ «ፈረስ» እያሉ ጽፈው የጀመሩት ጨዋታ አርባ ዓመት አልፎታል። አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው «ይደገም» ይላል፤ እየተደገመ እዚህ ደረሰ። ጋሼ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሀዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ በኢሜይል ቀጠሉ። በቀን አንድ እርምጃ ብቻ፣ ከእርምጃው ጋር ደግሞ አንድ ሁለት መስመር ነቆራ። አባቴ ጠዋት በሁለት ጣቱ እየለቀመ ይጽፋል፣ ጋሼ ከሰዓት በኋላ ይመልሳሉ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ገበታ ዘርግቶ የሁለቱንም ወገን ራሱ ያንቀሳቅሳል። ጋሼ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ስልክ አያነሱም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የቀረው ያ ኢሜይል ብቻ ነበር።

በእኔ ስልክ እንላክላቸው እንዳትሉኝ፤ ብያለሁ። ፓስዋርዱን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። አባቴ ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ አስገብቶ «አስታውስ» የሚለውን ተጫነ፤ ኮምፒውተሩ አስታወሰ፣ አባቴ ረሳ። አዲስ አድራሻ ላውጣልህ ስለው ጋሼ ከማያውቁት አድራሻ የመጣ ደብዳቤ አይከፍቱም፣ እንዲያውም ሌባ ነው ብለው ልጃቸውን ይጠራሉ አለኝ። እንግዲህ አንድ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሰው ሀዋሳ ላይ መልስ ይጠብቃሉ፣ መንገዱ የተዘጋው ደግሞ በእኔ ስንፍና ነው። እንዲህ እያሰብኩ ከልቤ አፍር ነበር።

መጀመሪያ ኢምፔሪያል ወረድኩ። እዚያ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ዋይፋይ መቀበያ ገዛሁ፤ እንደ ፍላሽ ነው የምትሰካው። ሰካኋት። ኮምፒውተሩ አላውቃትም አለ፤ መጀመሪያ የሚያስተዋውቀንን ፕሮግራም፣ ድራይቨሯን፣ ጫኚልኝ። ድራይቨሯ ያለው አብሯት በመጣ ትንሽ ሲዲ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ የሲዲ ማስገቢያ ደግሞ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል፤ በቢላ ጫፍ ብለምነውም አልከፈት አለ። ያለበለዚያ ድራይቨሯን ከኢንተርኔት አውርጂ ይላል። ኢንተርኔት ለማስገባት ኢንተርኔት ያስፈልጋል ማለት ነው። በስልኬ አውርጄ በፍላሽ አቀረብኩለት፤ ይህን ቀምሶ ተፋው። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተይው ልጄ፣ አትድከሚ አለኝ። ድምፁ ውስጥ የሰማሁትን ነገር ያኔ ትዕግሥት ነው ብዬ ነበር።

ዕቃዋን ይዤ ስመለስ የሱቁ ባለቤት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ፈጣን ሴት፣ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«የፋዘር ዕቃ ነው? ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም» አለች። «እሱን ምንም እንዳትነካኪው። ይቺኛዋ ዋይፋዩን ከአየር ትቀበልና በገመድ ታወጣለታለች። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ገመድ መጣልኝ ብሎ ያምናል። በቃ፣ ሸወድሽው።»

መሸወድ የሚለው ቃል ደስ አለኝ። ያቀረበችልኝ ሁለት ጆሮ ያላት ነጭ ሪፒተር ናት፤ ግድግዳ ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ከሥሯ የገመድ ቀዳዳ አላት። ያረጀ ፕሪንተርም፣ ያረጀ ሪሲቨርም፣ ገመድ ካልሆነ የማይገባው ሁሉ በእሷ እንደሚሸወድ አስረዳችኝ። ከዚያ ራውተሩ የት እንደተቀመጠ ጠየቀችኝ። ሳሎን፣ ግልጽ ቦታ አልኩ። አልዋሸሁም፤ ያኔ ግልጽ ቦታ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሪፒተሯን አባቴ ክፍል ሰካኋት፣ በስልኬ የቤታችንን ዋይፋይ ስም መረጥኩላት፣ ፓስዋርዱን ሰጠኋት። ትንሽ አሰበች። ቀይ የነበረችው መብራት አረንጓዴ ሆነች። ከሥሯ አጭር ገመድ አውጥቼ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካሁት። ወፍጮው ምንም አልጠረጠረም፤ ገመድ መጣልኝ ብሎ ተቀበለ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። አባቴ ግን «እሰይ» አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ዓይኑ ደክሟል፣ ኢሜይሉን ነገ ይከፍታል።

በነጋታው መብራቷ ቀይ ሆና አደረች። አጥፍቼ አበራሁ፤ ቀይ። ወደ ሳሎን ሄጄ ራውተሩን ባየው ቦታው የለም።

ስለ ቡፌያችን መናገር አለብኝ። ውስጡ ሰው ጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች አሉ፣ ገና ያልመጣ ትልቅ እንግዳ የሚጠብቁ ሳህኖች አሉ፣ ላስቲኩ ያልተነሳ የስኳር ዕቃ አለ። እናቴ አንድን ዕቃ ከወደደች ሁለት ነገር ታደርግለታለች፤ ዳንቴል ትሠራለታለች፣ ትቆልፍበታለች። የቴሌቪዥናችን ሪሞት እንኳ እስከ ዛሬ ላስቲክ እንደለበሰ ነው። ራውተሩ ሁለት ወር ሙሉ በር አጠገብ ዕርቃኑን ሲቀመጥ አሳዝኗት ኖሯል። በሚስጥር ነጭ ዳንቴል ሠርታ፣ ለሁለቱ አንቴናዎቹ ማውጫ ቀዳዳ ሳይቀር ትታለት፣ አልብሳው፣ ሽቦዎቹን በቡፌው ጀርባ አሳልፋ ከብርጭቆዎቹ መሃል አስቀምጣዋለች። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ስቄ ልሞት ነበር፤ የቡፌው ጀርባ ከላይ እስከ ታች መስተዋት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄ ቆመ። ዋይፋዩ ወደ አባቴ ክፍል ሊሄድ ሲነሳ መስተዋቱ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ይህን ለእናቴ ማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የማይታይ ነገር በመስተዋት ይመለሳል ስላት በአዘኔታ አየችኝ። እንዲያውም ቡፌ ከገባ ወዲህ መብራቶቹ ይበልጥ ብልጭ ብልጭ እንደሚሉ፣ ተመችቶት እንደሆነ ነገረችኝ። በመጨረሻ ተስማማን። ራውተሩ ከቡፌው ውስጥ ወጥቶ አናቱ ላይ ይቀመጣል፤ ዳንቴሉ ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ይነጠፋል፤ በየቅዳሜው አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ። የሪፒተሯ መብራት አረንጓዴ ሆነች። አባቴ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ ዓይኑ ግን ዛሬም ደክሟል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሳስታውሰው እስከ አሁን እናደዳለሁ። በየምሽቱ ከሥራ ስገባ ሪፒተሯ ጠፍታለች። ሶኬቷ ላላ ብሎ ነው የማገኘው። ገፋ ሳደርጋት ትበራለች፣ ይሄኔ አባቴ ደክሞታል፣ ነገ ይላል። በነጋታው ደግሞ ያው። እናቴን ያዝኳት። ክፍሉን ስትጠርግ ትነካካለች አልኩ፣ ሆን ብላ ነው አልኩ፣ ስለ ዳንቴሉ ቂም ይዛብኛለች አልኩ። በሰፊው ተናገርኩ። እናቴ መጥረጊያዋን አስቀመጠችና በማርያም ማለች። እናቴ በማርያም አትቀልድም። ክሴን አነሳሁ፣ ይቅርታ ለማለት ግን ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

ሪፒተሯ ስልኬ ላይ ማን መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ የምታሳይ ገጽ አላት። ከፍቼ አየሁት። በየቀኑ የምትጠፋው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ዝንፍ አትልም። በሦስት ሰዓት እናቴ ጉሊት ናት። እኔ ቢሮ ነኝ። እንግዲህ ማን ቀረ?

ሐሙስ ዕለት ቢሮ ደውዬ ሆዴን አሞኛል አልኩ። ጠዋት እንደወትሮዬ ለብሼ «ቻው» ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቼ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ተመለስኩ። የአባቴ ክፍል መስኮት በረንዳ ላይ ይከፈታል፣ በረንዳው ላይ ደግሞ እናቴ አንሶላ አስጥታለች። ከአንሶላው ጀርባ ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ አባቴን ልሰልል።

እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። ሦስት ሰዓት ሲሆን አባቴ ወክ የሚወጣበትን ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ገባ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው እንደሌለ እያወቀ ወደ ኮሪደሩም ብቅ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሪፒተሯን ከሶኬቱ ነቀላት፣ አቧራ እንዳለባት እፍ አለባት፣ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተታት። ኪሱን ከላይ ደባበስ አደረገ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። አባቴ የቤታችንን ኢንተርኔት ይዞ ወክ ሄደ።

አንሶላውን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ወዲያው ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። አባቴ እየተሸነፈ ነው! ጋሼ ይዘውታል፣ መውጫ አሳጥተውታል፣ እሱ ደግሞ ሽንፈቱን ላለማየት በዋይፋይ አሳብቦ ጨዋታውን አቁሟል። ሁለት ወር ሙሉ እኔን ኢምፔሪያል አመላልሶ፣ ከእናቴ ጋር አጣልቶ። አባቴን እንዲህ የማገኘው መቼ ነው? እጅ ከፍንጅ ልይዘው ወሰንኩ።

ሪፒተሯ የለችም፣ እሱ ኪስ ውስጥ ናት። ታዲያ ምን ያስፈልገኛል? ራውተሩ ሳሎን ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚጎድለው የሚሸከመው ሰው ብቻ ነው። ሳጥኑን አቅፌ፣ ቀጥዬ ስክሪኑን ይዤ፣ በእናቴ ሴራሚክ ላይ አልፌ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። በዚያች አጭር ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት። የሁለት ወሩ ሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወፍጮው ሳሎን ውስጥ ተነሳ። ኢሜይሉም ፓስዋርድ ሳይጠይቀኝ ተከፈተ።

ከማንበቤ በፊት ማስረጃዬን ላደራጅ ብዬ የአባቴን የቼዝ ገበታ ፎቶ አነሳሁ። ሁለት ወር ሙሉ ያልተነካ ገበታ ነው፣ እናቴ አቧራውን ጠጠሮቹን ሳታንቀሳቅስ በላባ ነው የምታነሳው። ስልኬ ላይ ቼዝ የሚያውቅ አፕ አለ፤ አሰላለፉን ሰጠሁትና ተራው የአባቴ ነው አልኩት። ወዲያው መለሰልኝ። አባቴ ንግሥቷን በፈረሱ ይብላ፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው አለቀ።

እንደገና አየሁት። ቼዝ አልችልም፤ ንግሥት ምን ያህል እንደምትከብር ግን አውቃለሁ። የጋሼ ንግሥት ጠባቂ የላትም፣ የአባቴ ፈረስ በሚዘልበት ቦታ ቆማለች። ወጥመድም የለም። አባቴ እየተሸነፈ አልነበረም፤ አንድ ጣት ቢያነሳ ያሸንፋል። ሰው ከማሸነፍ ይሸሻል እንዴ?

ወደ ኢሜይሎቹ ተመለስኩ። ጋሼ ንግሥታቸውን ያወጡበት ደብዳቤ የመጣው ከሃያ ሁለት ልንለቅ አንድ ሳምንት ሲቀረን ነው። አባቴ በአንድ መስመር «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ መልሷል። ጋሼ «ስለምኑ?» ብለዋል። በነጋታው ያችኑ እርምጃ እንደ አዲስ ልከዋታል። በሦስተኛውም ቀን ያችኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ላይ እርምጃ የለም፤ «ታላቅ ወንድምህን ሰላም በልልኝ፣ ቃል የገባልኝን በግ እንዳይረሳ በለው» ይላል።

አጎቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጋሼ ከሀዋሳ መጥተው ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ከአባቴ ጎን ነበር የተቀመጡት። የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙትም አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ደብዳቤዎች አልተከፈቱም፤ ቤት ከቀየርን ወዲህ የመጡ ናቸው። በየቀኑ አንድ አለ። አንዱን ከፈትኩ። «ተራህ ነው» ይላል። ሌላውን ከፈትኩ። «ተራህ ነው።» ከዚያ በኋላ መክፈቱን ተውኩት። በራሴ አፈርኩ፤ በአንሶላው፣ በሳቄ፣ «እጅ ከፍንጅ» ባልኩት ሁሉ።

የበሩ ቁልፍ ዞረ። አባቴ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሳሎን ውስጥ አየው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከውስጥ ኪሱ ሪፒተሯን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ አስቀመጣት።

«ለምን አትበላትም?» አልኩት። 

«በአርባ ዓመት ንግሥቱን እንዲህ ሜዳ ላይ ጥሎ አያውቅም» አለ። «ተንኮል መስሎኝ ሦስት ቀን ፈለግሁ። የለም። ብበላት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ካልበላኋት ግን ሁለታችንም እንዳላወቅን ሆነን እንኖራለን።»

ይህን ሲል ተናደድኩበት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባዘንኩለት ጊዜ ሁሉ ነው የምናደደው። ወንበር ሳብኩለትና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርኩት። «አባዬ፣ እሳቸው ግን እየጠበቁህ ነው» አልኩት።

መነጽሩን አደረገ። አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ እንደ እኔ አልዘለለም። ሁሉም ላይ ያው ሁለት ቃል ነው፣ እሱ ግን እያንዳንዱን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። መሃል ላይ ቆም ብሎ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ጨዋታውን የረሳው መስሎኝ ነበር» አለ።

እናቴ በዚህ መሃል ዘንቢሏን ይዛ ገባች። በሶፋዋና በቡፌዋ መሃል የሚጮኸውን ወፍጮ አየችው፣ አፏን ከፈተች፣ የአባቴን ፊት አየች፣ አፏን ዘጋች። ወደ ኩሽና እያለፈች ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ለዛሬ ብቻ ነው» አለችኝ። ተከትያት ገብቼ ስለ መጥረጊያው ነገር ይቅርታ ጠየቅኳት። ሽንኩርት አቀበለችኝ።

አባቴ ገበታውን ከክፍሉ አምጥቶ ረጅም ሰዓት አሰበ። ከዚያ እጁን ሰደደና፣ የጋሼን ንግሥት የሚበላውን ፈረስ ትቶ፣ የራሱን ንግሥት አንስቶ የጋሼ ወታደር አፍ ውስጥ ከተታት። ከኋላው ቆሜ «ትበላብሃለች እኮ» አልኩ። ዝም በይ አለኝ። እርምጃውን ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ መዘግየቱ የዋይፋይ ጉዳይ እንደሆነ፣ ልጁ አይቲ ነኝ እያለች ሁለት ወር እንዳስጠበቀችው ጨመረ። የሥራዬን አገኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ወደ ክፍሉ መለስን፣ ሪፒተሯም ሶኬቷ ላይ ገባች። በነጋታው ጠዋት በሦስት ሰዓት አባቴ ወክ አልወጣም። እኔም ሆዴ ገና አልተሻለኝም። ኢሜይሉን ከፍቶ «ነይ አንብቢልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለኝ፤ በዚህ ጊዜ እውነቱን ይመስለኛል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ምን ነካህ? ንግሥትህን ለወታደር ትሰጣለህ? በአርባ ዓመት እንዲህ አድርገህ አታውቅም። አልበላትም፣ መልሳት። ዋይፋይ እያልክ አታመካኝ። ልጅህ ሐኪም ቤት ትውሰድህ፣ የመርሳት ነገር ቀልድ አይደለም፣ በጊዜ መታየት ጥሩ ነው። ታላቅ ወንድምህን ሰላም በልልኝ።»

አባቴ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ጠረጴዛውን እየመታ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪያብስ ድረስ ሳቀ፤ እናቴ ምን ሆነ ብላ ከኩሽና መጣች። የመጨረሻዋን መስመር እንደገና እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋና በሁለት ጣቱ መልቀም ጀመረ። በትከሻው በላይ አሻግሬ አየሁ። ንግሥቱን እንደመለሰ ጻፈ። ሰኞ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ጻፈ። ትንሽ ቆየና ጨመረበት፤ «ወንድሜም ሰላም ብሎሃል። በጉን አልረሳሁም በለው ብሎኛል።»

ላከው። እጁን ከቁልፎቹ ላይ ሳያነሳ «ሄደ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ የሪፒተሯን መብራት አየሁ። አረንጓዴ ናት።

«ሄዷል» አልኩት።